ውሃውን ያልቀመሰ አጥኚ

ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር አደመ። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢል ተከለከለ። ጉዳዩን እንዲመረምር ከአዲስ አበባ የተላከውን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዙና የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። ምርመራ ማለት እንዲያ ነው!

ዛሬ ወደ ነገሌ፣ ወደ ያቤሎ፣ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መርማሪ ጄኔራል አይደለም። ከእኛው መካከል የሚወጣ የኢኮኖሚክስ ወይም የማኔጅመንት ተመራቂ ነው። መጠይቁን በብብቱ፣ የታሸገ ውሃውን በሻንጣው ይዞ ይደርሳል። አስተርጓሚ ይቀጥራል፤ ሁለት ቀን የከብት ገበያ ዳር ይውላል፤ ይመለሳል። ማጠቃለያው ግን ሳይነሳ የታወቀ ነው፦ አርብቶ አደሩ ለገበያ አያስብም፣ ግንዛቤ ይፈጠርለት። ካቻምናም ይኸው፣ ዘንድሮም ይኸው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ኧረ ለመሆኑ ይህ ድምዳሜ ከቦረና የመጣ ነው? እ.ኤ.አ. በ1926 ኸርስኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ የምሥራቅ አፍሪካን ከብት አርቢ በ«ከብት አባዜ» ፈረጀው። በ1968 ደግሞ ጋሬት ሃርዲን ለማንም ክፍት የሆነ የግጦሽ መስክ በሐሳቡ ሣለና የጋራ ሀብት መጥፋቱ አይቀርም አለ። በሐሳቡ ነው እኮ! የቦረና ኤላ መቼ ለማንም ክፍት ሆነ? ኤላው የጎሳ ነው፤ የማጠጫውን ተራ የሚያስከብር «አባ ሄሬጋ» አለው። ሄሬጋ ደግሞ ሂሳብ ማለት ነው። ሂሳብ አያውቅም የተባለው ሕዝብ የውሃ ሹሙን በሂሳብ ሰየመ! የጋራ ሀብት በተጠቃሚዎቹ ሕግ ሊጠበቅ እንደሚችል ኤሊኖር ኦስትሮም ከብዙ አገር ማስረጃ ሰብስባ በ2009 ኖቤል ስትሸለም ነው የእኛ ምሁር ያጨበጨበው።

ከብቱን ሸጦ ባንክ አያስቀምጥም ይሉታል። እስቲ እናስላ። በ2014 ዓ.ም. ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ። ላሟ ግን ወተትም ጥጃም ትሰጣለች። ማነው እንግዲህ ሂሳብ የሳተው?

«ላሟም እኮ በድርቁ ሞተች» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ መንጋው አለቀ። ጥናት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው! በድርቅ የበሬው ዋጋ ሲወድቅ የበቆሎው ለምን ይወጣል? በመሐል ማን ይከብራል? እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሣሩን ልምላሜ በሳተላይት እያነበበ የሚከፍል የከብት መድን ቦረና ገብቷል፤ ማን ገዛው፣ ማን ተከፈለው፣ ማንስ ተወው? ከብቱ ያለቀበትን ወገን ጎሳው የሚያቋቁምበት «ቡሳ ጎኖፋ» አምስት የዝናብ ወቅት ሲጠፋ እስከ የት ይዘልቃል? በ«እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚመለስ ከዚህ ውስጥ አንዱም የለ።

አይቻልም እንዳይባል፣ ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ከቦረና ጋር ኖሮ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ የጻፈው መጽሐፍ እነሆ አለ።

ተማሪ ወንድሞችና እህቶች! በረሃ የሚወርድ በበጋው ይውረድ፤ ሁለት ቀን ሳይሆን ወቅቱን ይክረም። ጥያቄውን አስቀድሞ ከኤላው ዳር ሽማግሌዎችና ወተት ከሚሸጡት እናቶች ጋር ያዘጋጅ። ያገኘውንም በአፋን ኦሮሞ ጽፎ፣ ዱብሉቅ ገበያ ቆሞ ያንብብ፤ የተጠኑትም ይሟገቱት። ሕዝቡ የነገረንን በጠንካራ ልባስ ጠርዘን መደርደሪያ ላይ መቅበር ዕውቀት አይባልም፤ ብድር መካድ ነው።

መጠይቁ በወረደበት መንገድ ውጤቱም ይውረድ!