ለዘፋኙ የማይደርሰው ብር

ወረታ ላይ ዘፈን በነጻ አይገኝም። ሙዚቃ ቤት ገብቶ ሚሞሪ የሚያስጭን ወጣት ብሩን ቆጥሮ ይከፍላል፤ ፊልምም ትርጉም ድራማም እንዲሁ ነው። ከፋይ አለ፣ ተቀባይ አለ። ከዚያ ብር ግን ግጥሙን ለጻፈው፣ ዜማውን ለደረሰው፣ ስቱዲዮ ተከራይቶ ለተጫወተው አንዲት ሳንቲም አትደርሰውም። ስለዚህ የፎገራ ልጆች ሆይ፣ መክፈል ጀምሩ ልላችሁ አልመጣሁም። እየከፈላችሁ ነው። ጥያቄዬ ለማን ነው የምትከፍሉት የሚል ነው።

የዘፈን ዋጋ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በጌምድር የአዝማሪ አገር ነው። ሰርግ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሰጠ ሰው፣ አዝማሪው በማሲንቆ ተቀብሎ ሲያሞግሰው እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፤ ብሩንም ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። እየተሞገሰ ሳይሸልም የተነሣ ሰው በማግስቱ መታማቱ አይቀርም። ይህን ያደረገው ሕግ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታው የሚይዘን ደግሞ አዝማሪው ፊታችን ቆሞ፣ ላቡ እየወረደ ስለሚጫወት ነው። ከስልክ ውስጥ የሚዘፍነው አያየንም፣ እኛም አናየውም። እዚያ ላይ ይሉኝታችን ይሸሻል። ሰርግ ላይ አንድ መቶ ብር በግንባር የሚለጥፍ ሰው፣ የዚያኑ ሳምንት የአንድን ዘፋኝ የዕድሜ ልክ ሥራ ከዚያ ባነሰ ዋጋ አስጭኖ ይሄዳል፤ ቅር እንኳ አይለውም።

ታላላቆቻችሁ ይሻሉ ነበር ማለቴ አይደለም። የካሴቱ ዘመን ሰውም ባዶ ካሴት ገዝቶ ቅልቅል ያስቀዳ ነበር። ልዩነቱ፣ አንድ ካሴት ለመቅዳት ካሴቱ የሚዘፍንበትን ያህል ጊዜ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አልበሙ በወጣ ማታ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፤ ዘፋኙ የስቱዲዮ ዕዳውን ሳይከፍል ሥራው አገር ያዳርሳል። በ1961 ዓ.ም. በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው የሙዚቃ አሳታሚ አምሃ እሸቴ የአገር ፍቅር ቴአትርን የሸክላ ማሳተም ሞኖፖል ደፍሮ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር ያሳተመው በራሱ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሸክላውን ባወጣ ማግስት ሁሉም ሰው ስልክ ውስጥ ቢያገኘው፣ ሁለተኛውን በምን ያሳትመው ነበር?

«መካፈል ባህላችን ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ፎገራ ላይ ይህ ባዶ ቃል አይደለም። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በ1970ዎቹ ያስተዋወቁት፣ ኤክስ-ጅግና የምንለው ሩዝ ሜዳውን የሸፈነው፣ ባብዛኛው ገበሬ ከገበሬ ዘር እየተቀባበለ ነው። ነገር ግን ዘር የሰጠው ከራሱ ጎተራ ሰጠ፤ የተቀበለውም አርሶ፣ አርሞ በላ። ሙዚቃ ቤቱ የሚያካፍላችሁ ግን ያልዘራውን ነው፤ ያውም በዋጋ።

ሕጉ ከምታስቡት በላይ አስተዋይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግሉ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያባዛ አይከለክለውም። የሚያሳድደው አባዝቶ የሚሸጠውን ነው፤ ሲወጣ እያወቀ መብቱን ለሚጥስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። ፖሊስ ግን እያንዳንዱን ሙዚቃ ቤት ሊፈትሽ አይችልም፤ ቢችልም እኔ ደስ አይለኝም። ሚሞሪ ጫኙ ልጅ ሥራ ያጣ ወንድማችሁ ነው።

ሙዚቀኞቹ ራሳቸው መንገድ ሊከፍቱ ሞክረዋል። ኤልያስ መልካ ከጆኒ ራጋና ከኃይሌ ሩትስ ጋር በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሥራ አስጀመረ፤ ከወራት በኋላም በመስከረም 2012 አረፈ። ሰዋስው የተባለው ሌላ የሙዚቃ መተግበሪያ ከዚያ በኋላ መጣ። ቴሌብርም ከ2013 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ብር ለመላክ ባንክ ደጅ መሰለፍ የለም።

እርግጥ መተግበሪያ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ከሙዚቃ ቤቱ ሚሞሪ ሌላ ምን ነበረን? በዚያ ወቅት ያስጫነውን ሰው ሌባ ብሎ መጥራት ለእኔ ድፍረት ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን ግን ምክንያቱ ይሳሳል። ገንዘብ የሌለው ከዘፋኙ የራሱ የዩቲዩብ ገጽ ያዳምጥ፤ ከዳታው በቀር ክፍያ የለውም፣ ለዘፋኙም ይቆጠርለታል።

ሩዙ ተሰብስቦ ጥር ሲመጣ ሰርጉ ይበዛል፤ የዘፈን ገበያውም ያኔ ይደራል። ከዚያ በፊት የምትሠሩት አለ። ለወረታ ሙዚቃ ቤቶች ንገሯቸው፦ በአካባቢው የሚጫወቱትን ማሲንቆኞችና ድምፃውያን ጠርተው ይዋዋሉ፤ ከሚጫነው ዘፈን ለባለቤቱ የሚደርስ ድርሻ ይቁረጡ፤ በጽሑፍ ይፈራረሙ። ባለሙዚቃ ቤቱ «ደንበኛ ይሸሸኛል» ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም እውነት ነው፤ ምክንያቱም ጎረቤቱ በርካሽ ይጭናል። ስለዚህ መጀመሪያ ተዋውሎ የሚከፍተው ቤት ጥቂት ብር ቢጨምርባችሁም እዚያው ግቡ፤ ስትገቡም ከሚጫንላችሁ ውስጥ የትኛው ባለቤቱ የፈቀደው እንደሆነ ጠይቁ።