የመብራቱን ቁልፍ ለኤጀንት ስንሰጥ ገደቡን ማን ይያዝ?



ሰሞኑን ከወጣቶቻችን ጋር ስንጨዋወት አንድ ወሬ ደጋግሞ ይነሳል፤ «ኤአዩን ‹ክፍሉን ሞቅ ባለ ብርሃን ሙላው› አልኩት፣ ራሱ ቀለም መርጦ አበራው» የሚል። አንዱ አስማት አስመስሎ ያወራዋል፣ ሌላው የሰነፍ ጨዋታ ብሎ ይንቀዋል። እኛ ከሁለቱም አንስማማም። ነገሩ ለማያይ ታዛዥ ቁልፍ ማስረከብ ነው። የትኛውን ቁልፍ እንደምንሰጠውና የትኛውን እንደምናስቀር ግን ሲወራ አንሰማም።

በየሱቁ መደርደሪያና በየሰርግ አዳራሹ የሚለጠፈውን ባለቀለም ስትሪፕ ላይት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እያንዳንዷ አምፖል ለብቻዋ የምትታዘዝበት ዓይነት አለ። ይህን ለማዘዝ ደብሊውኤልኢዲ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ኢኤስፒ 32 በምትባል ዋይፋይ ያላት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይጫናል። ከዚያ በኋላ መብራቱ በዋይፋይ አጭር የጽሑፍ ትእዛዝ ይቀበላል፦ አብራ፣ አጥፋ፣ ድምቀቱ ከ0 እስከ 255፣ ይህን ቀለም፣ ያንን እንቅስቃሴ። ኤጀንቱን ከዚህ ጋር ለማገናኘት አንትሮፒክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ያወጣው ኤምሲፒ የሚባል ስምምነት አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ኤጀንቱ መብራቱን በእጁ አይነካም። የመሣሪያዎች ዝርዝር ይሰጠዋል፤ ስማቸው፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚቀበሉ ተጽፎ። እሱ «ይህ በዚህ ቁጥር ይደረግልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ወስዶ መብራቱ ዘንድ የሚያደርሰው መሐል ያለው ፕሮግራም ነው።

ሁሉ ነገር ያለው እዚያ መሐል ላይ ነው። ልጆቻችን ይህን ፕሮግራም በአንድ ማታ ይጽፉታል፣ ማሻአላህ። የምንቃወመው «ኤጀንቱ ያለውን ሁሉ አሳልፍ» ብለው ወለል አድርገው ሲከፍቱት ነው።

በቁጥር እንየው። በተለመዱት ባለ 5 ቮልት ስትሪፖች አንዷ አምፖል ሙሉ ነጭ ስትበራ እስከ 60 ሚሊአምፒር ትወስዳለች። በሜትር 60 አምፖል ያለው 5 ሜትር ስትሪፕ 300 አምፖል ነው፤ 18 አምፒር፣ 90 ዋት ማለት ነው። የሰካችሁት አዳፕተር ስንት እንደሚችል ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። «እቃው በደንብ ይታይ» የተባለ ኤጀንት 255 ነጭ ብሎ ቢያዝ የተባለውን ነው ያደረገው። የሚግለው ሽቦ ግን የእናንተ ነው። ደብሊውኤልኢዲ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚገድብ ቅንብር አለው። እሱን በአዳፕተሩ ልክ አስተካክሉና ኤጀንቱ ወደ ቅንብሮቹ የሚደርስበትን መንገድ ዝጉ። «ከ150 በላይ እንዳታበራ» ብሎ ኤጀንቱን በቃል መለመን ገደብ አይባልም፤ ኮዱ ውስጥ ይጻፍ፣ ከዚያ በላይ የመጣ ቁጥር ተቆርጦ ይለፍ።

የሚያሳስበን ከዚህም ይልቅ ብልጭታው ነው። ከእንቅስቃሴዎቹ መካከል በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚሉ አሉ። ለድረ ገጽ የወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ እንኳ በ1 ሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭታ እንዳይኖር ያሳስባል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ የሚጥል በሽታን ይቀሰቅሳልና። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ደብቆ ነው የሚኖረው። ሰርጉ ላይ የተቀመጠችው እህት ለማንም ላትናገር ትችላለች። ኤጀንቱም አያያትም። «ሰርጉን አድምቀው» ሲባል ከዝርዝሩ ያደምቃል ያለውን ያነሳል። ስለዚህ እነዚያ እንቅስቃሴዎች ከዝርዝሩ ጭራሽ ይውጡ። ረጋ ያሉ አስር ቢቀሩ ለየትኛውም አዳራሽ ይበቃሉ።

«መብራት እኮ ነው፣ ምን ያካብዳችኋል?» የሚሉን አሉ። የዛሬው የመብራት ኮድ ነገ ተገልብጦ ለውሃ ፓምፕና ለበር እንደሚውል እነሱም ያውቃሉ። ሌሎች ደግሞ የኤምሲፒ ሰነድ ራሱ ሰው መሐል ሆኖ ትእዛዙን መከልከል የሚችልበት ዕድል ይኑር ይላል ብለው ይከራከሩናል። ልክ ናቸው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቀለም «ልፍቀድ?» የተባለ ሰው በሦስተኛው ቀን «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ይጫናል። ፈቃጁ ሲሰለች የሚጠብቀን ኮዱ ውስጥ የተጻፈው ገደብ ነው።

ሱቅ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ለደንበኛ የምትሰጡት የዋይፋይ ፓስዋርድ የመብራቱም ቁልፍ ነው። መብራቱን ከደንበኛው ዋይፋይ ለዩት። ኤጀንቱ የቴሌግራም መልእክታችሁንም የሚያነብ ከሆነ፣ የማታውቁት ሰው የላከውን ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ሊወስደው እንደሚችል አትርሱ።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ሌላ ጣጣ አለ። ደብሊውኤልኢዲ ካልቀየራችሁት በስተቀር ኃይል ሲመለስ ራሱ ይበራል። ኤጀንቱ ማታ 4 ሰዓት ላይ አጥፍቶት ከሆነ እሱ ዘንድ አሁንም የጠፋ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ግን እስኪነጋ ይበራል። ከዝርዝሩ መጀመሪያ የምትጽፉት መሣሪያ «አሁን በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» ብሎ መብራቱን የሚጠይቀው ይሁን። የግድግዳውን ማብሪያና ማጥፊያም አትንቀሉት።