ምሳውን ማን ከፈለው?

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ የፍቅር ነበር፤ ዛሬ ግን ከወትሮው ለየት ያለ ጥያቄ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። በፋርማሲ ተመርቃ በአንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሜዲካል ሪፕነት ትሠራለች። በደመወዟ ቤተሰብ ትደጉማለች። ድርጅቷ አንድ አዲስ የሕመም ማስታገሻ ለሐኪሞች ለማስተዋወቅ ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ የሁለት ቀን ስልጠና አዘጋጅቷል። የመጋበዙ ሥራ የሷ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«ስላይዱ የተሠራው እኛው ቢሮ ነው። አስተማሪው ሐኪም ቆሞ ያነበዋል እንጂ አልጻፈውም። የጎንዮሽ ጉዳቱ መጨረሻ ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል ተቀምጧል። ኮሚሽኔ የሚታሰበው ደግሞ ከስልጠናው በኋላ በሚሸጠው ልክ ነው። ከተጋባዦቹ አንዱ ያስተማሩኝ ዶክተር ናቸው። ዓይናቸውን እያየሁ እንዴት ልጋብዛቸው? ወይስ እንጀራዬን ልተው?»

የኔ እህት፣ ስልጠናው በራሱ ነውር አይደለም። ሐኪም ተመርቆ ከወጣ በኋላ የሚመጣውን አዲስ መድኃኒት ከየት ይማር? ነውሩ ሽያጭ የትምህርት ካባ ሲደርብ ነው።

ይሄን አሜሪካኖቹ በደንብ ቀምሰውታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ በ1996 ኦክሲኮንቲን የሚባል ብርቱ ማስታገሻ ለገበያ አወጣ። እስከ 2001 ድረስ በፍሎሪዳ፣ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ መዝናኛ ሆቴሎች ከ40 በላይ ጉባኤዎችና የተናጋሪዎች ስልጠናዎች አዘጋጀ። ከ5,000 በላይ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶችና ነርሶች ሙሉ ወጪያቸው ተችሎ ተገኙ። ኩባንያው የሚያስወራው ምን መሰላችሁ? በሱስ የሚያዘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም!

በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ዓይነቱ አባባል እንደ ማስረጃ ይጠቀስ የነበረው በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ደብዳቤ ነው። እሱም የሚናገረው ሆስፒታል ተኝተው ስለታከሙ ሰዎች እንጂ ክኒን ቤታቸው ወስደው ለወራት ስለሚውጡት አይደለም። በ1996 48 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ሽያጭ በ2000 ወደ 1.1 ቢሊዮን ተጠጋ። ሱሱም ሞቱም ተከተለ። በ2007 ኩባንያው መድኃኒቱን በአሳሳች መንገድ መሸጡን አምኖ፣ ከ3 ኃላፊዎቹ ጋር ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ። በ2020 ደግሞ እንደገና ጥፋተኝነቱን አመነ።

አንድ ሐኪም ጓደኛዬን ስለዚህ ጉዳይ ሳነሳበት «እኔ እኮ በምሳ አልገዛም» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ይሆናል። በእጁ የያዘው እስክሪብቶ ላይ ግን የመድኃኒት ስም ተጽፎበታል!

ታዲያ ምን ታድርጊ? የዓለም ጤና ድርጅት በ1988 ባወጣው የመድኃኒት ማስተዋወቅ ሥነ ምግባር ላይ፣ ትምህርታዊ ዝግጅት ሆን ተብሎ ለማስተዋወቂያ መዋል እንደሌለበት፣ የሪፕ ዋናው ክፍያም ከሽያጩ መጠን ጋር በቀጥታ መያያዝ እንደሌለበት አስፍሯል። እንግዲህ ውስጥሽን የቆረቆረው ነገር ቅብጠት አይደለም።

አለቃሽ ዘንድ ግቢና በረጋ መንፈስ ሦስት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ወጪውን የከፈለው ድርጅቱ መሆኑ ገና ሲጀመር ይነገር። ሁለተኛ፣ አስተማሪው ስላይዱን ራሱ ያዘጋጅ። ሦስተኛ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱና ዋጋው ከድሮው መድኃኒት ጋር ተነጻጽሮ ፊት ለፊት ይቅረብ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አድርጊው፤ ቃል ይረሳል።

እምቢ ካሉሽ ነገውኑ ልቀቂ አልልሽም፤ የቤት ኪራይሽን የምከፍልልሽ እኔ አይደለሁም። ግን ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ። ለመምህርሽ ደግሞ እውነቱን ንገሪያቸው፦ «ዶክተር፣ ከፋዩ የኛ ድርጅት ነው፣ ስላይዱም የኛ ነው። እባክዎ የመጨረሻውን ገጽ ሳይጠይቁ እንዳይወጡ።» ያኔ ዓይናቸውን ማየት አያቅትሽም።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ «ከድሮው በምን ይሻላል?» ማለት ነውር የለውም። የሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር ሰንብቱ!