ሕግና ኑሯችን፦ ገንዘብ የማያስፈታው ክስ

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስንወጣ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። በእጃቸው በዐረብኛ የተጻፈች ወረቀት ይዘዋል። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወጥቶ ዶካ ላይ ተይዟል። ሎሪ ላይ ሲወጣ ሰው «አድርስልኝ» ብሎ በሰጠው ሸዋል ውስጥ ባንጎ ተገኘ ነው የተባለው። «መምህር፣ ገንዘቡን ከዘመድ አዋጥተናል፤ ዳማናውን ማን እንደሚጨርስልን ብቻ ይንገሩን» አሉን። ግማሹን ግን «እኔ አስፈታዋለሁ» ላለ ደላላ አስቀድመው ሰጥተዋል።

ብዙዎቻችን ዋስ ማለት ገንዘብ ይመስለናል። ገንዘቡ የሚመጣው ግን ሕጉ ዋስትናን ከፈቀደ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሱዳን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በሞት ወይም አካል በመቁረጥ በሚያስቀጣ ወንጀል የተከሰሰ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ደግሞ ለንግድ ብሎ ዕፅ ለያዘ ሰው እስከ ሞት የሚደርስ ቅጣት አስቀምጧል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው በሩ የተዘጋው የት ላይ እንደሆነ ይታያችኋል። ለራሱ መጠቀሚያ የያዘ ሰው የሚከሰሰው በሌላ አንቀጽ ነው፤ ቅጣቱ ይቀላል፣ ዋስም ሊጠየቅበት ይችላል።

እንግዲህ የልጁ ዕጣ «ለንግድ» እና «ለራስ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ነው ያለው። ያ ደግሞ መወሰን የሚጀምረው ገና ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፣ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሲሰጥ ነው። ሸዋሉ የማን ነው? ማን ሰጠህ? ስንት ተከፈለህ? ልጆቻችን ዐረብኛውን የተማሩት ገበያ ላይ ነው። ስለ ቀን ሥራ ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፤ ቃል ለመስጠት ግን አይበቃም። «አይዋ» ማለት የለመደ ሰው (እኛም ያው ነን) ያልገባውን ጥያቄ ሁሉ «አይዋ» እያለ ያልፍና መጨረሻ ላይ አሻራውን ያኖራል። የማያውቀው ሸዋል የራሱ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው። ስለዚህ የተያዘ ሰው ከሁሉ በፊት አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ያልተተረጎመለት ወረቀት ላይ አይፈርም። ፖሊስም ከ24 ሰዓት በላይ ለማቆየት በራሱ ሥልጣን አይበቃም፤ የዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎም የዳኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

«አገራችን ቢሆን ኖሮ» የሚል ሰው አይጠፋም። አገራችንም ቢሆን ቀላል አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የዋስ መብትን ሰጥቶ፣ ሕግ በሚደነግጋቸው ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ሊከለክል እንደሚችል ይናገራል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣን ወንጀል ከዋስትና ያወጣዋል። ከዚያ በታች ቢሆንም ዳኛው ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይም ምስክር ያባብላል ብሎ ከሠጋ በአንቀጽ 67 መከልከል ይችላል። ስደተኛን «ቋሚ አድራሻ የለውም፣ ይጠፋል» ማለት ደግሞ የትም አገር ቀላል ነው። ሕንድማ ባሰች፦ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የዕፅ ሕጓ መሠረት ብዙ መጠን ዕፅ በመያዝ የተከሰሰ ሰው በዋስ የሚወጣው፣ ዐቃቤ ሕግ ከተቃወመ፣ ዳኛው «ጥፋተኛ አይመስለኝም፣ ወጥቶም ወንጀል አይሠራም» ብሎ ሲያምን ነው። ፍርድ ሳይሰጥ እንዲህ ብሎ የሚያምን ዳኛ ስንት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት የምንኖርበትን አገር ሕግ እንድናከብር ያዘናል፤ በፍርድ ቤትና በሕግ ርዳታ በኩል ግን እንደ አገሬው ሰው እንድንታይ ይላል። ስለዚህ እኒያን እናት የቀረውን ገንዘብ ለማንም እንዳይሰጡ ለመንናቸው። የልጁን የስደተኛ መታወቂያ ቅጂ፣ ሸዋሉ ሲሰጠው ያዩትን የሥራ ጓደኞቹን ስም ይዘን ወደ ካምፑ የጥበቃ ክፍል አብረን ሄድን፤ ጠበቃ እንዲፈለግለትም አስመዘገብን።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ግማሹስ ገንዘብ?» አሉን። ደላላው ጋ ደወልን። ስልኩ ዝግ ነበር።