ሟቹ ወዴት ይመለስ? የጃፓኗ እንደራሴና የቀብር ጥያቄ



ሚዙሆ ኡሜሙራ የጃፓን የላይኛው ምክር ቤት አባል ናት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በምክር ቤቱ ኮሚቴ ላይ፣ አስከሬንን አፈር ውስጥ መቅበር በጃፓን እንዲገደብ ጠየቀች። ሙስሊሞችስ? ሲሞቱ ተቃጥለው አጽማቸው ወደ አገራቸው ቢላክ ይሻላል ባይ ናት።

ሴትዮዋ ለዚህ አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኦሳካ በኢሺን ፓርቲ ተመረጠች። በ2023 ደግሞ በናጎያ የስደተኞች ማቆያ ታማ ስለሞተችው የስሪላንካ ወጣት ስትናገር፣ ደጋፊዎቿ ከንቱ ተስፋ ሰጥተዋት ይሆናል፣ ራሷን አስርባም ሊሆን ይችላል አለች። የገዛ ፓርቲዋ እንኳ አላስቻለውም፤ ለስድስት ወር አገዳት። በ2025 ግን «ጃፓናውያን ይቅደሙ» የሚለውን ሳንሴይቶ ፓርቲ ተቀላቅላ እንደገና ተመረጠች። ፓርቲው በዚያ ምርጫ 14 ወንበር አገኘ።

ወግ አጥባቂ መሆኗ አይደለም የሚከፋኝ። እኛም ብዙዎቻችን ወግ አጥባቂዎች ነን። ግን የትኛውን ወግ ነው የምትጠብቀው? የሜይጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1873 አስከሬን ማቃጠልን የቡድሂስቶች ልማድ ነው ብሎ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ከመቶው ዘጠና ዘጠኝ በላይ የሚቃጠልባት ጃፓን፣ እስከ ትናንት በየገጠሩ ሟቾቿን ስትቀብር ኖራለች። የ1948ቱ የመቃብር ሕግም መቅበርን አይከለክልም።

«ወደ አገራቸው» የሚለው ቃልስ? ሸሃዳ የያዙ የጃፓን ተወላጆች አሉ። እነሱ ወዴት ይመለሱ?

ይህን ቃል እኛ እናውቀዋለን። አባቶቻችን ለዘመናት «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሲባሉ ኖረዋል፤ የተከራይ ስም ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን ባጥለቀለቀው ሰልፍ ላይ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል» የሚል ነበር። ከእንጦጦ ግርጌ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከኮተቤ ጀናዛ አጅቦ፣ ከተማውን አቋርጦ ኮልፌ የወረደ የየካ ሰው መንገዱ ቢያደክመውም፣ ሟቹን «የት አገር ልላከው?» ብሎ አያውቅም። በቶኪዮ ካትሱሺካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ግን ጥያቄው ደጃቸው ላይ ነው።

በኦይታ ግዛት በሂጂ ከተማ የመቃብር ቦታ ለማግኘት ሙስሊሞች ዓመታት ደክመዋል። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችን ይበከላል ብለው ሰጉ። ይህ ስጋት ተገቢ ነው፤ አፈሩን መርምሮ፣ ቦታ ቀይሮ፣ ተነጋግሮ ይፈታል። እንዲያውም በ2023 ተስማምተው ነበር። በ2024 ግን ዕቅዱን የተቃወመ ከንቲባ ተመረጠና የከተማውን መሬት አልሸጥም አለ። ገበሬው ስለ ውሃው ጠየቀ፤ እንደራሴዋ ግን ስለ ውሃ አይደለም የምታወራው፣ እዚህ አትቀበሩም ነው የምትለው። ልዩነቱን ያዙልኝ፤ ለመጀመሪያው መልስ አለ፣ ለሁለተኛው ግን ምን ዓይነት ምርመራ ይደረግለታል?

እዚያው ሂጂ ውስጥ ግን የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም አለ። ለሙስሊም ሟቾች ከመቃብር ቦታቸው ከፍለው የሰጡት እነሱ ናቸው። ለነጃሺ አገር ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።