ሰኔ ሳይገባ

ከአብርሃ ጅራ ወደ እርሻው የሚወርደውን ጥቁር ዋልካ በግንቦት ተሰነጣጥቆ ያየ መንገደኛ፣ ያው አፈር ከሰኔ ዝናብ በኋላ ጎማ ውጦ የማይተፋ ጭቃ እንደሚሆን ቢነግሩት በቀላሉ አያምንም። የምዕራብ አርማጭሆ ሰው ግን፣ ሳሉጉን፣ ማለትም የወቅት ሠራተኛውን፣ ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚያደርሰው፣ ዘሩንና ናፍጣውን የሚያመላልሰው፣ ነፍሰ ጡር አሳፍሮ ወደ ጤና ጣቢያ የሚገሠግሠው መኪና ሁሉ፣ በዘመነ ክረምት ተስፋው ከሹፌሩ ብልሃት ቀጥሎ በፎር ዊሉ ሎው ላይ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል። ሎው የሞተሩን ጉልበት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል አብዝቶ ለጎማዎቹ የሚያደርስ፣ ፍጥነቱንም በዚያው መጠን የሚነሣ የትራንስፈር ማርሽ ነው።

በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ላንድክሩዘር 70 ለዚህ ሥራ ከዋናው ማርሽ አጠገብ ሌላ እጀታ ነበረው፤ ሹፌሩም ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም በመዳፉ ያውቀው ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጡት በብዙዎቹ ሂሉክሶች ግን ሹፌሩ አንዲት ክብ ማዞሪያ ያዞራል፤ ማዞሪያዋ ለኮምፒዩተሩ ትነግራለች፣ ኮምፒዩተሩ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያዝዛል፣ ሞተሩ ማርሹን ይገፋል፣ ሴንሰሩም መግባቱን መስክሮ የዳሽቦርዱን መብራት ያስበራል። አዲሱን ጥበብ የምነቅፍ አይደለሁም፤ ነገር ግን በእጅና በማርሽ መካከል ይህን ያህል አማላጅ ከቆመ፣ ከአማላጆቹ አንዱ በዝምታ ሊያንቀላፋ እንደሚችል ማሰብ ይገባል። በጋውን ሙሉ ያልተነካ ሞተር ይደርቃል፤ ወንዝ የተሻገረና በግፊት ውኃ የታጠበ ሶኬት ይዝጋል። አምራቹ ቶዮታ ራሱ በመመሪያው በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል እንዲነዳ ያዘዘው የፊተኛው ክፍል ቅባት እንዳያጣ ነው።

የመሥሪያ ቤት መኪና ከሹፌር ወደ ሹፌር ሲተላለፍ በርክክቡ ቅጽ ላይ ክሪኩ፣ መፍቻው፣ ትርፍ ጎማውና የእሳት ማጥፊያው አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ሎው ይገባ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላየሁም።

ፈተናው ቀላል ነው። አስፋልት ላይ አይደረግም፣ ካምቢዮውን ያስጨንቃልና፤ ኮረት ወይም የደረቀ የእርሻ መንገድ ይበቃል። መኪናው ፈጽሞ ቆሞ፣ ማርሹ ፎሌ ሆኖ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ማዞሪያዋ ወደ ሎው ትዞራለች፤ መብራቱ ጥቂት ብልጭ ድርግም ብሎ ጸጥ ብሎ ይበራል። ብልጭ ድርግሙ ካልቆመ ማርሹ አልገባም። ጸጥ ብሎ ቢበራም በመብራቱ ምስክርነት ብቻ መርካት አይበቃም፤ በአንደኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይሰጡ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ሲለቁት፣ መኪናው ከጎኑ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሳይቀድም ሞተሩን ሳያጠፋ መራመድ አለበት። ከዚያም በዚያው ሥርዓት ወደ ሃይ መመለሱ መታየት አለበት፤ ሎው ላይ ተቸክሎ የቀረ መኪና ጎንደር ለመድረስ ቀኑ አይበቃውም።

ጉድለቱ የፊውዝ ወይም የዛገ ሶኬት ከሆነ ቴስተር የያዘ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በቶሎ ይገላገለዋል፤ ማርሹን የሚገፋው የኤሌክትሪክ ሞተር ራሱ ከተቃጠለ ግን ዕቃው ከሩቅ እስኪመጣ ይጠበቃልና፣ ፈተናውን ከግንቦት ወደ ሰኔ የሚያሸጋግር የስምሪት ኃላፊ በዋልካ የተዋጠ መኪናውን በትራክተር ለማስጎተት የሚከፍለውን ከወዲሁ በበጀቱ ቢይዝ ይሻለዋል።