ጮማው ሲሄድ ፖሙ ገባ

አሜሪካ ውስጥ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ከሚሠራቸው ቀላል እራቶች አንዱ ይህ ነው። ከነአጥንቱ የተቆረጠ የአሳማ ሽንጥ ትሪ ላይ ይደረደራል፤ ፖም ተቆራርጦ ከሽንኩርት ጋር ይበተንበታል፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶ ግማሽ ሰዓት ያህል ኦቨን ውስጥ ይቆያል። አለቀ። በፖሙ ፋንታ ኮክ ወይም አናናስ የሚያደርግበትም አለ። አብዛኛው የአገራችን ሰው በእምነቱ ምክንያት አሳማ አይበላም። ጉዳዩን ለማየት ግን መቅመስ አያስፈልግም።

ፍራፍሬው ለምን ገባ? የጥንቱ ምክንያት ወቅት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ገበሬዎች ዘንድ አሳማ የሚታረደው ብርዱ ሲጀምር ነበር፤ ፖምም የሚደርሰው ያኔ ነው። የጮማውን ክብደት የፖሙ ጎምዛዛነት ያቀለዋል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሸማቹ ስብ መፍራት ሲጀምር አርቢዎቹ አሳማውን እየመረጡ በማዳቀል አከሱት። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ «ሌላው ነጭ ሥጋ» በሚል ማስታወቂያ ከዶሮ ጎን አቆሙት። ያሉት ደረሰ፤ እንደ ዶሮ ጡት ደረቀ! አሁን ፖሙ የሚገባው ጮማውን ሊያቀል ሳይሆን የሌለውን ጮማ ሊተካ ነው። ኢንዱስትሪው የወሰደውን እርጥበት የቤት አብሳይ በራሱ ወጪ ይመልሳል።

መንግሥትም ድርሻ አለው። በአሳማ ሥጋ ውስጥ በሚገኝ ትል ፍርሃት የተነሳ ለዓመታት የተሰጠው ምክር ሥጋው 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል የሚል ነበር። ትሉ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይሞታል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላልተፈጨ ሥጋ ምክሩን ወደ 63 ዲግሪ ያወረደው፣ ከእሳት ወጥቶ 3 ደቂቃ ይረፍ ያለው በ2011 ነው። ያንን ሁሉ ዘመን ስንት እራት እንደ ጫማ ሶል ደርቆ ተበላ!

እዚህ ላይ ለአርቢዎቹ አንድ ነገር መመስከር ይገባል። ትሉ ከአሜሪካ አሳማ የጠፋ ያህል የሆነው እንስሳቱ በቤት ውስጥ፣ በቁጥጥር ስር መርባት ከጀመሩ ወዲህ ነው። ችግሩ ያው አረባብ እናቲቱን አሳማ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፤ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት አጥር። እርግዝናዋ 114 ቀን ያህል ነው። በዚያ አጥር ውስጥ መቆምና መተኛት ትችላለች፤ መዞር አትችልም።

የካሊፎርኒያ መራጮች ይህን በ2018 አይተው ከ60 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ሕግ አወጡ። ለአንዲት እናት አሳማ ቢያንስ 2.2 ካሬ ሜትር ካልተሰጠ የእሷም የልጆቿም ሥጋ በግዛቲቱ አይሸጥም። አምራቾቹ ከሰሱ። አብዛኛው አሳማ የሚረባው እንደ አይዋ ባሉ ግዛቶች ስለሆነ ካሊፎርኒያ በሰው ጓሮ ገብታ ታዝዛለች አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2023 በ5 ለ4 ድምፅ ክሱን ውድቅ አደረገ።

ፍርዱ ትክክል ነው። አይዋ እንደፈለገች ማርባት ትችላለች፤ የካሊፎርኒያ ሰው ግን ገንዘቡን የሚያወጣበትን ሥጋ የመምረጥ መብት አለው። ዋጋ ይጨምራል የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ጭማሪው ደግሞ በመጀመሪያ የሚነካው ያችን ትሪ በየሳምንቱ ኦቨን የሚያስገባውን ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ነው። ያንን ቀላል አድርጎ ማለፍ ነውር ነው። ነገር ግን መራጩ ዋጋውን ሲነግሩት ሰምቷል፤ ሰምቶም ድምፅ ሰጥቷል።

ክርክሩ በፍርድ ቤት አላበቃም። በዚያው ዓመት እንዲህ ያሉ የግዛት ሕጎችን የሚሽር ረቂቅ ለኮንግረስ ቀረበ። አቅራቢዎቹ ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ በሌላ ጊዜ ዋሽንግተን እጇን ከግዛቶች ላይ ታንሳ የሚለው ፓርቲ ሰዎች።